አሥራ ሁለት ቋጠሮ

ኞራ ዶሚንጋን አርባ አንድ ዓመት ተቀይሜአቸው ኖርኩ። ሰው ቢቀየም አንድ ቀን ይረሳዋል፤ ልጅ ሲወልድ፣ ቤት ሲሠራ፣ ወባ ሲይዘው። እኔ አምስት ልጅ ወለድኩ፣ ሁለት ቤት ሠራሁ፣ አንድ ባል ቀበርኩ፣ ወባውንማ አልቆጠርኩትም። አልረሳሁም። በአፌ አንቱ እላቸዋለሁ። የመምህር ሚስት ናቸው፤ እኛ ዘንድ የመምህርና የፓስተር ሚስት ኞራ ነው የምትባለው፣ በባዶ ስሟ የሚጠራት ባለጌ ነው። በልቤ ግን አንቺ ነበር የምላቸው። ቤተ ክርስቲያን አባታችን ሆይ ስንል፣ «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ጋ ስደርስ አፌን እዘጋለሁ። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እኔ እዚያች ቦታ ላይ ስለማልጸልይ ተረቱ አይመለከተኝም።

በደላቸው ይህ ነው። ከተማ ወስደው ሊያስተምሩኝ ቃል ገብተው ጥለውኝ ሄዱ። እኛ ደግሞ በበኩላችን የተባልነውን ሁሉ ፈጽመን ነበር።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። መንደራችን በቢያክ ደሴት በሰሜን በኩል ነው፤ ቤታችን ባሕሩ ላይ በእንጨት ቋሚ የቆመ፣ በወለሉ ስንጥቅ ዓሣ የሚታይበት ቤት ነበር። ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ስለሆነ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ አብረን ነው የምንቀመጠው። ሦስተኛን የጨረሰ ልጅ ወይ ከተማ ዘመድ ይፈልጋል፣ ወይ ከዘንባባ ግንድ የሚወጣውን እህላችንን፣ ሳጎ ይወቅጣል። እኛ ከተማ ዘመድ አልነበረንም። ሳጎ ነበረን።

መምህራችን መምህር ታሃፓሪ ከሌላ ደሴት፣ ከአምቦን የመጡ ቀጭን ሰው ነበሩ። ኞራ ዶሚንጋ ሚስታቸው ናቸው። ረጅም ነበሩ፤ ሲያልፉ የሳሙናና የቅርንፉድ ሽታ ከኋላቸው ይከተላል። ልጅ አልነበራቸውም። መንደሩ ውስጥ ልጅ የሌለበት ቤት የእሳቸው ብቻ ስለነበር፣ ልጆች ሁሉ ውሃ እንቅዳ፣ እንጨት እንሸከም እያልን እዚያ ነው የምንውለው። ብስኩት ይሰጣሉ።

አባቴ ሄርማኑስ ለእርሻ ዛፍ ሲጥል አንዳንዴ ከግንዱ ጎድጓዳ ውስጥ በራሪ ሽኮኮ ያገኛል። ቡጢ የሚያህል ግራጫ እንስሳ ነው፣ ከግንባሩ እስከ ጭራው አንድ ጥቁር መስመር የተሰመረበት። ከእጁ እስከ እግሩ ቆዳ ተወጥሮለታል፤ ከጣሪያው ወራጅ ላይ ሲዘል እንደ ተጣለ መሐረብ ይዘረጋና አባቴ ትከሻ ላይ ያርፋል። አባቴ አንድ ጥንድ ነበረው። ጎጆአቸውን የሠራው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከቀረ ቀዳዳ ቀዳዳ ብረት ነው፤ ነጮቹ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሲያነጥፉት የነበረውን እኛ ዶሮ፣ አሳማና ሽኮኮ እናስርበታለን። እሱ ብረት ሦስት መንግሥት አልፎታል፣ አልዛገም።

በዚያ ዓመት ወንዱን ዘንዶ በላው። ሴቲቱ አራስ ነበረች፤ ከሆዷ ኪስ ገና የወጡ፣ ዓይናቸው በቅጡ ያልተገለጠ ሁለት ግልገሎች ጀርባዋ ላይ ተጣብቀው ነበር። አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟን «አራሷ» አላት።

ኞራ አመሻሽ ላይ ሊያዩዋት ይመጣሉ። አንድ ቀን ግልገሎቹ በኞራ ጣት ላይ ተንጠለጠሉ። ኞራ ጣታቸውን ሳያንቀሳቅሱ፣ እንደ ጸሎት ቀስ ብለው እንዲህ አሉ፦

«ሄርማኑስ፣ በሐምሌ ወደ ከተማ ተዛውረናል። እነዚህን ሁለቱን አሳድግልኝ። እኔም ይቺን ልጅ ወስጄ አሳድግልሃለሁ። እስከ ስድስተኛ ትማርልሃለች።»

የእናቴ ታላቅ እህት፣ ትልቋ እማማ የምንላት፣ ደፉ ላይ ተቀምጣ ፒናንግ የሚባለውን አፍ የሚያቀላ ፍሬ ታኝካለች። ቀይ ምራቋን በወለሉ ስንጥቅ ወደ ባሕሩ ለቀቀችና፣

«ይቺን ቀበኛ በሁለት ሽኮኮ? ኧረ ኞራ፣ ተታለዋል!» አለች።

«ዝም በይ አንቺ» አለች እናቴ፤ ግን ሳቀች። እናቴ ወንድሜን ታጠባ ነበር። አባቴ አልሳቀም። እሱ አራሷን እያየ ነበር።

እኔ የገባኝ ይህ ነው፦ ሁለቱ ግልገሎች ከኖሩ እማራለሁ፤ ከሞቱ ሳጎ እወቅጣለሁ።

በማግስቱ አባቴ ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ነገረኝ። ብቻዋን የቀረች አራስ ምግብ ልትፈልግ ስትወጣ ግልገሎቹን ብርድ ይመታቸዋል። ሲከፋት ደግሞ ራሷ ትበላቸዋለች። ጎጆው ውስጥ ተኝቶ የሚያሞቅላት ወንድ ያስፈልጋታል። አባቴ ጫካ ገብቶ በሦስተኛው ቀን አንድ ጎረምሳ ወንድ በከረጢት ይዞ መጣ። አናቱ ላይ ጸጉር የሌለበት፣ እንደ ሽማግሌ የተመለጠ ቦታ አለ።

«ያ ማህተሙ ነው» አለ አባቴ። «የእኔ ያለውን ሁሉ በዚያ ያሸዋል። ያልታሸውን ደግሞ ይነክሳል።»

«ግልገሎቹንም?»

«መጀመሪያ እነሱን።»

መጤውን ሌላ ጎጆ ውስጥ ከተትነው። ስንቀርበው የተበላሸ ሞተር ድምፅ ያሰማል። ትልቋ እማማ ይህን ድምፅ ሰምታ፣ «የሟች ባሌ ማንኮራፋት ነው፤ ነፍሱን ይማረው፣ ከየት አመጣኸው?» አለች።

አባቴ ከአሮጌ ሽርጡ ሁለት ቁራጭ ጨርቅ ቀደደ። አንዱን አራሷ ጎጆ፣ አንዱን መጤው ጎጆ አነጠፈ። ገመድ ላይ አሥራ ሁለት ቋጠሮ ቋጠረና ምሶሶው ላይ ሰቀለው።

«ሥራው ያንቺ ነው» አለኝ። «በየጠዋቱ የእሱን ጨርቅ ለእሷ፣ የእሷን ለእሱ ትሰጫለሽ። አንድ ቋጠሮ ትፈቻለሽ። ጨርቁ አይታጠብም፣ ፀሐይ አይነካውም። ቋጠሮው ሲያልቅ መጤው እሷን ይሸታል፣ እሷም እሱን። ግልገሎቹም እሱን ይሸታሉ። ያን ጊዜ እናገናኛቸዋለን።»

«እና ጨርቁ የእሱ ልጆች ያደርጋቸዋል?»

«አያደርጋቸውም። ግን እሱ አያውቅም።»

«ውሸት ነው እንዴ?»

«ጨርቅ ነው» አለ አባቴ።

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ሥራው ያንቺ ነው ብሎኝ አያውቅም። ሥራ ነበረኝ፣ ግን ስሙ ሥራ አልነበረም፤ ስሙ «ነይ» ነበር። በየጠዋቱ ፊቴን ሳልታጠብ ጨርቆቹን እቀያይራለሁ። መጤው አውራ ጣቴን ሁለት ጊዜ ነክሶኛል። የመጤው ጨርቅ ሲገባላት አራሷ መጀመሪያ ቀን ጥግ ይዛ ጮኸች፤ በሁለተኛው ቀን ሸንታ ወጣችበት፤ በሦስተኛው ቀን ግልገሎቿን እላዩ ላይ አስተኛች። ሦስተኛውን ቋጠሮ ስፈታ አባቴን ጠየቅኩት። መቅዘፊያውን እየላገ ነበር።

«አባባ፣ ይሄ ጨርቅ ለሰውም ይሠራል?»

«ለሰው ነው እንጂ!» አለ ቀና ሳይል። «እናትሽን ሳገባ አያትሽ በዱላ ነበር የጠበቀኝ። እዚያ ቤት ምንጣፍ ላይ ስድስት ወር ተኛሁ። ዓሣ ዓሣ ስሸትለት ጊዜ ልጄ አለኝ።»

አሁን ሳስበው እየቀለደ ነበር። አባቴ ሲቀልድ ፊቱ አይለወጥም፣ እኔም የወጣሁት በእሱ ነው። ያን ጊዜ ግን ትምህርት አድርጌ ነው የያዝኩት።

እንዲህ ብዬ አሰብኩ። እኔ ኞራ ቤት መጤ ነኝ። እሳቸው ቅርንፉድ ይሸታሉ፣ እኔ ዓሣ። ሳይተዋወቅ የገባ ይነከሳል። ስለዚህ አምስተኛውን ቋጠሮ በፈታሁበት ቀን ውሃ ላደርስላቸው ሄጄ ከማድረቂያ ገመዳቸው ላይ መሐረባቸውን አነሳሁ። ሌባ አልነበርኩም፤ ልዋጭ ነው። የእኔን ቢጫ ሸሚዝ ደግሞ ሽታው እንዲበረታ ሦስት ቀን ሳላወልቅ ለብሼው ነበር። ኞራ ጓሮ ሳሉ ገብቼ ፍራሻቸው ስር ወተፍኩት። በራስጌ በኩል ነው ያደረግኩት፤ አፍንጫቸው ያለው እዚያ ስለሆነ።

ወደ ቤት ስመለስ ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁ ያህል ነበር የሚሰማኝ።

ማታ መሐረቡን ፊቴ ላይ አድርጌ ተኛሁ። ቅርንፉድ ነው። እናቴ ሸሚዝሽ የት ገባ ብትለኝ ባሕር ወሰደው አልኳት። የእኛ ቤት ነገር የጠፋ ሁሉ ባሕር ነው የሚወስደው፤ ማንም አይመራመርም።

ዘጠነኛው ቋጠሮ ላይ ኞራ አመሻሽ ላይ መምጣት አቆሙ። በአሥረኛው ቀን ፓስተሩ ቤታችን መጡ፣ ሽማግሌ አስከትለው። ቆመው ዙሪያውን ተመለከቱ።

«እዚህ ቤት ማን ማን ነው የሚያድረው?» አሉ።

አባቴ ቆጠረላቸው። ትልቋ እማማ ጋ ሲደርስ ፓስተሩ አቋረጡት።

«እሜቴ፣ አሁንም ከጫካ ቅጠል ይለቅማሉ አሉ።»

«ለሾርባ ነዋ!» አለች ትልቋ እማማ። «ምነው፣ ሾርባም ኃጢአት ሆነ?»

ፓስተሩ በየማዕዘኑ እየቆሙ ጸለዩ። በሩ ላይ ጸለዩ። አልጋችን ላይ ጸለዩ። እኔ ለጉዞዬ ሊባርኩኝ የመጡ መስሎኝ፣ ቀደም ብዬ ያሰናዳሁትን የልብስ ጥቅሌን አምጥቼ እግራቸው ስር አስቀመጥኩት። ፓስተሩ ትንሽ ግራ ገባቸውና እጃቸውን ጭነው እሱንም ጸለዩበት። የኞራ መሐረብ ጥቅሉ ውስጥ ነበር።

ሊባርኩኝ አልነበረም የመጡት። ይህን ያወቅኩት ግን ባለፈው ዓመት ነው።

ሲሄዱ እናቴና ትልቋ እማማ ምድጃው ጋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ሰማሁ።

«ኞራ መኝታ ቤት ነገር ተገኘ ይላሉ።»

«ምን ነገር?»

«እኔ እንጃ። አይናገሩም። ነገር ብቻ ነው የሚሉት።»

«እና ወደ እኔ የሚያየው ለምንድን ነው ያ ሰውዬ?»

«ዝም በይ። ልጅቷ ትሰማለች።»

እኔ ዘንዶ መሰለኝ። የእኛን ሽኮኮ የበላው ዘንዶ ኞራ ቤት ገብቶ ነው ብዬ አሰብኩ። ለኞራ አልሰጋሁም፤ ረጅም ናቸው። ለሸሚዜ ነው የሰጋሁት።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሰው ከትልቋ እማማ እጅ ፒናንግ መቀበል ተወ። እሷ ትዘረጋለች፣ እነሱ «አሁን አኝኬ ተፋሁ» ይላሉ፣ አፋቸው ባዶ ሆኖ። እኔ ጥርሳቸውን የታመሙ መስሎኝ ነበር። መንደሩ በሙሉ፣ በአንድ ሳምንት።

አሥራ ሁለተኛውን ቋጠሮ ፈታሁ። አባቴ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐዩ በርትቶ እንስሶቹ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲላቸው፣ ታጥቦ የደረቀ የዓሣ ቅርጫት በረንዳው ላይ ደፋ። ቦታው የማናቸውም ስላልሆነ ማንም ባለቤት ነኝ አይልም። ግልገሎቹን ከአራሷ ጀርባ አላቆ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተታቸው። በኪሱ በኩል ሲንቀሳቀሱ፣ ሁለት ልብ ያለው ሰው ይመስል ነበር።

«ከነከሳት ቅርጫቱን አነሳለሁ። አንቺ ይሄን ጣይበት» ብሎ የእናቴን ፎጣ ሰጠኝ። «እጅሽን እንዳታስገቢ።»

አራሷን አስገባ። መጤውን አስገባ።

ሁለቱም ቆሙ። መጤው ያን የሞተር ድምፁን ጀመረ። አራሷ በኋላ እግሯ ተነስታ አፏን ከፈተች። እናቴ ወንድሜን እንዳቀፈች ከበሩ ላይ ታያለች፤ ትልቋ እማማ ማኘክ አቁማለች። እኔ ፎጣውን ይዤ በሆዴ የምቆጥረው ፊደል ነበር፤ ሌላ የማውቀው ጸሎት አልመጣልኝም። መጤው ቀስ ብሎ ቀረበ፣ አንገቷን አሸተተ፣ ዘለለ። ተጠቅልለው ተንከባለሉ። ጩኸት ሆነ። አባቴ ቅርጫቱን አንድ ጣት ያህል አነሳ።

«ቆይ» አለች ትልቋ እማማ። «ቆይ ሄርማኑስ። ተቆናጠጡ እንጂ አልተናከሱም።»

እውነቷን ነበር። አራሷ ጆሮውን ነክሳ ትንሽ ቀደደችው፣ እሱ ግን አልመለሰም። የተመለጠ አናቱን ደረቷ ላይ አሸ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከዚያ ጥግ ይዘው አንድ ላይ ተጠቅልለው ተኙ። እስከ እኩለ ቀን ጠበቅን። አባቴ አንዱን ግልገል ከኪሱ አውጥቶ በመጤው ጨርቅ አሻሸውና በቅርጫቱ ስር አሾለከው።

መጤው አንድ ዓይኑን ገለጠ። ግልገሉን ከጭራው ጀምሮ እስከ ራሱ አሸተተው። ላሰው። ሆዱ ስር አስገባውና ተኛ።

«ተታለለ» አለ አባቴ።

«ወንድ ሁሉ እንዲህ ነው» አለች ትልቋ እማማ።

እኔ ቀድሞውኑ ከተማ ነበርኩ። ዩኒፎርም ለብሼ ነበር።

ጀልባው የመጣው በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ነው። እኔ በአንድ እጄ ጥቅሌን፣ በሌላው ሁለቱን ግልገሎች የያዘውን ሳጥን ይዤ የጀልባ መሳፈሪያው ላይ ቆምኩ። አባቴ ከኋላዬ አለ። መምህር ታሃፓሪ ዕቃ ያስጭናሉ። ኞራ መጡ። ሳጥኑን ዘረጋሁላቸው። ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላቸው ወሰዱ። አስታውሰዋለሁ፤ ሁለቱንም እጅ፣ አንድ ላይ። በሰፊው ዞረውኝ ጀልባው ውስጥ ገቡ። ከኋላቸው የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ልጅ ማሪሴ ጥቅሏን ይዛ ገባች። የእኔ ታናሽ ናት፣ ያን ጊዜ ማካፈል አታውቅም።

መምህሩ ወደ አባቴ ቀረብ ብለው፣ «ጀልባው ሞልቷል ሄርማኑስ። በሚቀጥለው» አሉ። ዓይናቸው መሬት ላይ ነበር።

አባቴ ጀልባውን አየ። ግማሹ ባዶ ነበር። «እሺ መምህር» አለ።

እኔ ሦስት ማክሰኞ ከነጥቅሌ የጀልባ መሳፈሪያው ላይ ዋልኩ። በአራተኛው እናቴ ጥቅሌን ፈትታ ልብሴን መደርደሪያ ላይ መለሰች። መሐረቡን አገኘችው። አገላብጣ አየችውና ምድጃው ውስጥ ከተተችው። የሰረቅኩ ስለመሰላት ነው ብዬ ለብዙ ዓመት አፍሬአለሁ። አሁን ሳስበው እናቴ የዚያን ጊዜ ሁሉ ነገር ገብቷታል። እስክትሞት ግን አልተነፈሰችም። ብትናገር ድግምተኛዋ እህቷ ሳትሆን ልጇ ልትሆን ነው።

እኔ ለምን እንደቀረሁ የራሴን መልስ አግኝቼ ነበር። ሸሚዜ ኞራ ፍራሽ ስር የቆየው ከአምስተኛው ቋጠሮ ጀምሮ ስለሆነ አሥራ ሁለት ቀን አልሞላውም ብዬ ደመደምኩ። ስሌቱ ልክ ነበር። ከሦስተኛ ክፍል የቀረኝ እሱ ነው። ካደግሁ በኋላ ይሄ የልጅ ነገር መሆኑ ሲገባኝ፣ የቀረው መልስ አንድ ብቻ ሆነ፦ ሴትዮዋ ውሸታም ናቸው።

ሽኮኮዎቹን አባቴ ሲጎለምሱ ለቀቃቸው። እኔ ሳጎ ወቀጥኩ።

ባለፈው ዓመት ከተማ ገበያ ላይ ጭስ የጠጣ ዓሣዬን ዘርግቼ ሳለ ማሪሴ መጣች። ነርስ ሆናለች። እኔን ስታይ ሁልጊዜ አብዝታ ነው የምትገዛው፤ ምክንያቱን ሁለታችንም አንናገርም። «ኞራ እዚሁ ከተማ ናቸው እኮ» አለችኝ። «መምህሩ ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ዳሌአቸውንም ያማቸዋል።»

ሁለት ወር አሰብኩበት። ከዚያ አንድ ትልቅ ዓሣ ይዤ ሄድኩ። ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም፣ ለመጣላትም ቢሆን።

በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ፣ በዱላ ተደግፈው። አጥረዋል። ቅርንፉዱ ግን አለ።

«ማን ነሽ?»

«ዶልፊና ነኝ። የሄርማኑስ ልጅ፣ ከሰሜን።»

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ዓሣውን ስዘረጋ፣ «እዚያው ደረጃው ላይ አስቀምጪው» አሉኝ። ከእጄ አልተቀበሉኝም።

«ቃል ገብተውልኝ ነበር» አልኩ። ለአርባ አንድ ዓመት ያዘጋጀሁት ረጅም ንግግር ነበር፤ የወጣልኝ ይሄው ብቻ ነው።

«ገብቼ ነበር።»

«ግልገሎቹን አሳድጉልኝ አሉ፣ አሳደግን።»

«አሳድጋችኋል።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ እናንተ ቤት ድግምት ነበር» አሉ፣ ደጃችሁ ጭቃ ነበር እንደማለት። «መሐረቤ ከገመድ ላይ ጠፋ። አምስት ቀን ሳይሞላ በራስጌዬ የልጅ ልብስ ተቀብሮ አገኘሁ። እኔ ያን ጊዜ የሁለት ወር እርጉዝ ነበርኩ። ከስምንት ዓመት ትዳር በኋላ የመጀመሪያዬ። ለመምህሩ እንኳ ገና አልነገርኩም። የልጅ ልብስ፣ በራስጌ፣ እርጉዝ ሴት! ከዚህ በላይ ምን ይነገራል? ፓስተሩ አቃጠለው። ግን ከተማ በገባን በሦስተኛው ሳምንት አስወረደኝ። ሌላ አልመጣም። አክስትሽ ናት ያስደገመችብኝ፤ ያቺ ቅጠል ለቃሚዋ።»

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፣ ከዓሣው አጠገብ።

«ልብሱ ምን ይመስል ነበር?» አልኩ፣ እያወቅኩት።

«ሸሚዝ። ቢጫ። ቁልፍ የጎደለው። የሚሸት።»

«የእኔ ነው።»

ጎንበስ ብለው ፊቴን አዩኝ።

«እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት። ማንም አላዘዘኝም። ትልቋ እማማ አታውቅም። ሰው ከእጇ ፒናንግ አልቀበል እንዳላት ነው የሞተችው፤ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ።» ይህን ስናገር ለእሳቸው ብቻ አልነበረም። እኔም እየሰማሁት ነበር።

«ለምን?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ስለ አራሷ፣ ስለ መጤው፣ ስለ ሁለቱ ጨርቅ፣ ስለ አሥራ ሁለቱ ቋጠሮ። አንዲት ሴትዮ አንድን ልጅ የራሷ መስሎ እንዲሸታት ምን መደረግ እንዳለበት እንዴት እንደደረስኩበት። የሃምሳ ዓመት ሴት ሆኜ ይህን በቁም ነገር ማስረዳት ቀላል አይደለም። ኞራ ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ስጨርስ ቀስ ብለው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

«መምህሩ ያን ጊዜ፣ 'የልጅ ሸሚዝ ነው፣ ልጆች ሲገቡ ሲወጡ ነው የሚውሉት፣ ተይው' ብሎኝ ነበር» አሉ። «አንድ ወር አኮረፍኩት። ሐኪሙም የደም ማነስ ነው ነበር ያለኝ። በሸሚዙ ነው ያልኩት እኔ ነኝ።»

ስለ ልጁ ምን እንደሚባል አላወቅኩም። የሆነ ሰዓት ላይ ጎረቤት ሬዲዮ ከፈተ።

«ወንዱ» አሉ ኋላ። «ያ መጤው። ግልገሎቹን አልነካቸውም?»

«አልነካቸውም። ሆዱ ስር አድርጎ አሳደጋቸው።»

«እንግዲህ ከእኔ ተሻለ» አሉ። «አንቺ ደደብ ልጅ። ደደብ! ሸሚዙን ለብሰሽ ብትመጪ አይሻልም ነበር? አፍ አልነበረሽም?»

«ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።»

«እኔ ሠላሳ ሦስት ነበርኩ» አሉ። «እኔስ ምን ልበል?»

ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። መጀመሪያ አልገባኝም። ዓሣውን ነው። ከደረጃው አንስቼ ሰጠኋቸው፤ ከእጄ ተቀበሉኝ።

ደጃቸው ላይ ስቆም አንድ ነገር ተናገርኩ። ግትር ነኝ፣ ልጆቼም ይሉኛል። «ኞራ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቃልዎ ግን ቃል ነው። ሦስት ክፍል ይቀረኛል።»

በሚቀጥለው ሰኞ ምንጣፌንና ሁለት ድስቴን ይዤ ገባሁ። ግቢ አላሉኝም፣ ውጪም አላሉኝም፤ ዱላቸውን ከመተላለፊያው አነሱልኝ። ጠዋት ዓሣ እሸጣለሁ። ከሰዓት እሳቸው ወንበር ላይ፣ እኔ ወለል ላይ ሆነን ያነቡልኛል፣ ያስነብቡኛል፤ ስሳሳት በዱላቸው ወለሉን ይመታሉ። ማካፈልን በሦስት ሳምንት ጨረስኩ።

ጎልማሶችን ለስድስተኛ ክፍል ፈተና የሚያዘጋጅ ትምህርት ቤት ከቤታቸው ብዙም አይርቅም። በታክሲ ይዣቸው ሄድኩ። ጸሐፊዋ የመጨረሻ ልጄን የምታህል፣ ጥፍሯን የተቀባች ልጅ ናት። ቅጹን ሰጠችኝ። ስሜን ራሴ ጻፍኩ። ከታች፣ «የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፊርማ» የሚል መስመር አለ።

«እሱን ይተዉት እማማ» አለች ልጅቷ። «ለሕፃናት ነው። እርስዎን አይመለከትም።»

«ቅጹ ላይ አለ አይደል?»

«አለ፣ ግን…»

«ካለ ይሞላል» አልኩ።

ልጅቷ ኞራን አየች፤ እኔን አየች፤ ጥፍሯን አየች። ከዚያ እስክሪብቶውን ለኞራ ሰጠች። ኞራ መነጽራቸውን አደረጉ። ስማቸውን በዚያ በድሮ የትምህርት ቤት ጽሕፈት፣ ፊደል ሳያስቀሩ ጻፉ። ጸሐፊዋ «ዝምድና» የሚለውን ባዶ ቦታ በጥፍሯ አሳየቻቸው። ትንሽ አሰቡና፣ «አሳዳጊ» ብለው ጻፉ።

ቅጹን መለሱላት። ወደ እኔ ዞሩ።

«ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው የሚጀመረው» አሉኝ። «አታርፍጂ።»